ለክቡር ቦይለር፣ መታጠቢያ ቤት፣ ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ አማች ራስ ላይ የቀረውን ሳሙና ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ትናንት ሊነጋጋ ሲል፣ ከደብረ ታቦር የመጡት አማች ራሳቸውን ሳሙና እንደተቀቡ እርስዎ ብሬከሩን ጥለው ቤቱን በሙሉ አጨለሙልን። አማች ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳ እየዳበሱ ወጡ። በባልዲና በጣሳ ታጠቡ። «ምንም አይደል፣ እኛም ቤት በጣሳ ነው» አሉ። ከዚህ ስድብ ይሻል ነበር።

ሆድዎ ሲከፈት ጉድዎ ወጣ። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። ጣና አጠገባችን ተንጣሎ ሳለ የቧንቧችን ውሃ የሚመጣው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ የሟሟው ማዕድን ሲሞቅ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ብረቱ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀቱን ወደ ውሃው አያሳልፍም። ብረቱ በገዛ ግለቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ለወራት እንደ ጀበና ሲንተከተኩ የከረሙት ለካ ለዚህ ኖሯል፤ እኛ ትጋት መስሎን!

የማግኒዥየሙ ዘንግማ ተበልቶ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ሥራው በእርስዎ ፈንታ መበላት ነው፤ እሱ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ በርሜሉ ይዞራል። በርሜሉ ከተበሳ አቼቶም ባለሙያም አያድነውም፣ ገንዘብ አይባክንበት። ከዚያ በፊት ግን በዓመት የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃ ነበር፦ ብሬከሩን አውርዶ፣ ቀዝቃዛውን ዘግቶ፣ ውሃው ሲበርድ ማፍሰስ፤ ፍላንጁን (ሬዚስታንሱ የተያዘበትን ክዳን) ፈትቶ ቅርፊቱን በእንጨት መፋቅ፤ እምቢ ያለውን አቼቶ ውስጥ ማሳደር፤ ዘንጉ ከግማሽ በታች ከሳሳ መቀየር፤ የጎማ ቀለበቱን በአዲስ መተካት። ሲገጠም ሙቁ ቧንቧ አየሩን ተፍቶ ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መብራት አይሰጥም። ባዶ በርሜል ላይ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማን ይዘነጋል? ሁላችንም።

የዋስትናው ወረቀት ማኅተም የለውም። እንለፈው።

እዚህ ላይ አንቱታው ይብቃ። አንተስ ዕቃ ነህ። የሴፍቲ ቫልቭህን አፍ «ያንጠባጥባል» ብሎ የደፈነውን ሰው ግን ምን ይሉታል? 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል፤ ትርፉ የሚወጣው በዚያች አፍ ነው። ተደፍና የት ይሂድ? ልጆች የሚታጠቡበት ቤት ነው! ከራሳቸው በላይ ቦምብ ሰቅሎ፣ የእጁን ተቀብሎ፣ «አሁን አያንጠባጥብም» ብሎ ሄደ።

አማች ለጥምቀት ይመለሳሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቼቶው ጠርሙስ
«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ላለው ባለሙያ
ለባልዲውና ለጣሳው፣ በተጠንቀቅ እንዲቆዩ