«ቅርብ ነች»

እማዬ ስትደውል ድንጋይ ላይ ተንጠልጥዬ ነበር። አንድ እጄ ቋጥኝ ይዟል፣ በሌላው ስልኬን አወጣሁ።
«የት ነህ?»
«ተራራ ላይ።»
«ምን ልታደርግ?»
«በእግሬ ልሄድ።»
«ወዴት?»
እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። ወጥቼ፣ ዞሬ፣ መኪናዬን ወዳቆምኩበት ልመለስ ነው አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «መኪናህ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

መኪናዬ ደህና ነው። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነድቼ ፔንስልቬንያ የመጣሁት የሥራ ባልደረባዬ ስለወተወተኝ ነው። ቦታው ሊሃይ ጋፕ ይባላል፤ ሊሃይ ወንዝ ተራራውን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያልፍበት። የአፓላቺያን ትሬይል በዚያ ያልፋል። ይህ የእግር መንገድ ከጆርጂያ ተነስቶ 14 ስቴት አቋርጦ ሜን ይደርሳል፤ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ነው። በ1921 ሐሳቡን ያመነጨው ቤንተን ማካይ የሚባል የደን ባለሙያ ነበር። ከተማና ፋብሪካ ያደከመው ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ እንዲያርፍ አስቦ ነው። መንገዱ በ1937 ከዳር እስከ ዳር ተገናኘ።

ማካይ ስለ ዕረፍት ሲያወራ ፔንስልቬንያን አይቶ ይሆን? እዚህ ዕረፍት የለም፣ ድንጋይ ነው ያለው። በበረዶው ዘመን የበረዶው ጠርዝ ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ውሃ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ፣ እየረጋ፣ አለቱን ፈረካክሶት ሄደ። ስባሪው ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ተሰክቷል። የምትረግጠው ይነቃነቃል፣ የምትይዘው ይቆርጣል። ተጓዦች ይህን ስቴት «ጫማ የሚሞትበት» ይሉታል። መንገዱን የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ እየወጡ ድንጋዩን በሞረድ ይስሉታል ብለውም ይቀልዳሉ። የኔ ስኒከር ሶሉ የተገነጠለው ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ነው። በባልደረባዬ ቦርሳ ማሰሪያ ጠፍሬ ቀጠልኩ።

ዳገቱ ራቁቱን ነው። ከታች ፓልመርተን ከተማ ከ1898 እስከ 1980 ዚንክ ይቀልጥ ነበር፤ ጭሱ ደኑን ጨረሰው። እንጦጦን መጥረቢያ አራቆተው፣ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ አለበሱት። ይህንን ጭስ አራቆተው፣ አሁን ሣር አልብሰውታል።

ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ድንጋይ መሀል መንገድ አይጠፋህም። ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ነጭ ቀለም ዛፉ ላይ፣ ቋጥኙ ላይ ተቀብታለች። አንዷን አልፈህ ቀና ስትል ሌላዋ ትታይሃለች። ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም።

በልጅነቴ ከእማዬ ጋር ለአቦ ንግሥ ዝቋላን በእግር እንወጣ ነበር። ቀለም የለም፣ ሰው ነው ያለው። እረኛውን «ብዙ ይቀራል?» ትለዋለች። «ኧረ ቅርብ ነች፣ እቺን ዞር ስትሉ!» ይላል። ዞር እንላለን፣ ሌላ ዳገት። ሌላ እረኛ፣ እሱም «ቅርብ ነች»። ያኔ ውሸታሞች ናቸው ብዬ አኩርፌ ነበር። የሚወርዱት ሁሉ «በርቱ! በርቱ!» ይሉናል።

እዚህም ይገርማል፣ ሰዉ ሰላም ይልሃል። የአፓርትመንቴ አሳንሰር ውስጥ ከስልኩ ቀና የማይል ዓይነት ሰው ተራራ ላይ ሲያገኝህ ቆሞ ከየት መጣህ ይልሃል። ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት ደግሞ የቤት ስማቸውን ትተው በመንገድ ስም ነው የሚጠራሩት። ለባልደረባዬ «ይሄ አዲስ አይደለም፣ አያቶቻችን የፈረስ ስም ነበራቸው» አልኩት፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ለኔም እንዲያወጣልኝ ጠየቅኩት። የታሰረ ጫማዬን አየና «አባ ገመድ» የሚል ትርጉም ያለው ነገር አለኝ።

መንገዱ አስፋልት በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ሰዎች ውሃና ፍራፍሬ በበረዶ ሳጥን አስቀምጠው ይሄዳሉ አሉ። ለማያውቁት መንገደኛ ነው። «የመንገድ አስማት» ይሉታል። ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ጠላና ንፍሮ ለነጋሽ የሚሰጡት እናት አስማተኛ መሆናቸውን ቢሰሙ ያማትባሉ። የእግዜር እንግዳ ነው፣ አለቀ። ግን አንድ ነገር አስቀናኝ። በጎ ፈቃደኛው ቅዳሜውን ትቶ፣ ማን እንደሚሄድበት ለማያውቀው መንገድ ቀለም ይቀባል፣ ድንጋይ ያነሳል። ደቦ ነው እኮ! እኛ ደቦ የምንወጣው ለምናውቀው ሰው ማሳ ነው። እሱም እኛ አሜሪካ ያለነው ለልቅሶና ለሠርግ ካልሆነ የት አለ? እኔ ራሴ ስምንት ዓመት እዚያው ሕንፃ ላይ ኖሬ የጎረቤቴን ስም አላውቅም።

ስንወርድ በሰማያዊ ቀለም የተመለከተችውን፣ ገደል የሌለባትን መንገድ ያዝን። ከታች አንድ አባት ትንሽ ልጁን እየጎተተ ይመጣል። ልጁ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አባትየው ቆሞ ተነፈሰና «ብዙ ይቀራል?» አለኝ።

«ኧረ ቅርብ ነች፣ እቺን ዞር ስትሉ!» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ልጁ ሮጠ። ባልደረባዬ እስኪርቁ ጠበቀና «ገና ግማሹን እንኳ አልወጡም እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።