የጋራ እድር ከተማን ይይዛል?

ሁለቱም ሐዋሳ ነው የሚኖሩት። እሳቸው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና የእድር ጸሐፊ ናቸው። እሷ ሶሺዮሎጂ ታስተምራለች። የሚከራከሩት በዚህ ነው፦ ብሔርና ፖለቲካ ሰዉን በሚከፋፍሉበት ዘመን፣ እንደ እድር ያለ የጋራ ማኅበር ክፍፍሉን ያበርዳል ወይ?

ጸሐፊው፦ ያበርዳል። በእኛ እድር ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው አለ። ድንኳን የሚተከለው በተራ ነው። የሟች ብሔር ተጠይቆ አያውቅም። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ማንም ይሁን ማን። ሰው የሚጣላው ከማያውቀው ጋር ነው። ፌስቡክ ላይ የሚሰዳደቡት ልጆች አንድ ቀን አብረው አግዳሚ ወንበር ቢሸከሙ ግማሹ ስድብ ይቀር ነበር።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ የእድርዎን ሥራ አላቃልልም። ግን ሰኔ 2010 ከተማችን በብሔር ግጭት ስትታመስ እድሮቹ ነበሩ። ጎረቤትም ቡና ይጠራራ ነበር። ስለዚህ መተዋወቅ ብቻውን አያድንም።

ጎርደን ኦልፖርት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1954 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፏል። መቀራረብ ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ እኩል ሲሆኑ፣ ለአንድ ግብ ተባብረው ሲሠሩ፣ ሕጉም ሲደግፋቸው ነው። አከራይና ተከራይ በየቀኑ ይተያያሉ፤ እኩል ናቸው እንዴ?

በዚያው ዓመት ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ምሁር አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንድ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ካምፕ አስገባ። በቀለምም በሃይማኖትም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሽልማት ያለው ውድድር ሲጀመር ግን በቀናት ውስጥ ተጠማመዱ፤ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ። አብረው እንዲበሉ ሲደረግማ ምግብ ተወራወሩ!

የሚያጣላው ሽሚያ ነው፣ ጋሼ። ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች። ከኅዳር 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። የሲዳማ ጥያቄ የቆየ ነው፣ እሱን አልከራከርም። ግን የክልል መቀመጫ ጉዳይ ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ሰው እንጀራ እንደሚነካ ያውቃሉ። እንዲህ ያለው ነገር የሚፈታው በሕግ ነው፣ በንፍሮ አይደለም።

ጸሐፊው፦ ንፍሮዬን ባትነኪ ደስ ይለኝ ነበር። የልጆቹን ታሪክስ ለምን መሃል ላይ አቆምሽው? ኋላ ያቀራረባቸው የካምፑ ውኃ ሲቋረጥ አብረው ችግሩን መፈለጋቸው ነው። የጋራ ችግር ማለት ይኸው ነው። ከሞት የበለጠ የጋራ ችግር ካለሽ ንገሪኝ።

አሹቶሽ ቫርሽኒ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁርም አለልሽ። የሕንድ ከተሞችን አነጻጽሮ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። በከተማ፣ ሂንዱና ሙስሊም ሰላም መባባላቸው ብቻ ሁከት አላስቀረም። ያስቀረው ሁለቱም ያሉበት የነጋዴ፣ የሠራተኛ፣ የአንባቢ ማኅበር ነው። ክፉ ወሬ ሲናፈስ የሚደዋወሉ ሰዎች ነበሯቸው። እኛም መጀመሪያ የምንደውለው ለጎረቤት እድር ዳኛ ነው። መሬት ለማን ይሰጥ የሚለውን እድር አይፈታም፣ አላልኩም። ወሬው ሰው እንዳይገድል ግን ያደርጋል።

መምህርቷ፦ ቫርሽኒን እቀበላለሁ። ማኅበሩ የሚሠራው ግን የሚጋጩት ወገኖች ውስጡ ሲኖሩ ነው። በእድርዎ ስንት ተከራይ አለ? በ2008 በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩትን ልጆች ይዩ። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። መግቢያ ክፍያችሁን ከየት ያመጣሉ? የቤት ኪራይና የሥራ ሽሚያው ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው እነሱን ነው። እድርዎ ከየብሔሩ ሰው አለው፤ ግን ነባር ባለ ቤት ነው የበዛበት።

ጸሐፊው፦ ያለ መግቢያ ድንኳኑን ማን ይገዛዋል? ነባሩ ለዓመታት አዋጥቷል። ደግሞ አስበንበታል። ተከራዮች መግቢያውን በየወሩ ቀስ እያሉ ይክፈሉ የሚል ሐሳብ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ነበር። ግማሹ «ነገ ቤት ሲቀይሩ የት እናገኛቸዋለን?» ብሎ ተቃወመ። የሚገርምሽ፣ የተቃወሙትም የደገፉትም ከሁሉም ብሔር ነበሩ።

መምህርቷ፦ ይቺ እኮ ናት ዋናዋ ነገር! የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ሉዊስ ኮዘር በ1956 እ.ኤ.አ. ያለው ይህንን ነው። ዛሬ በአንዱ ጉዳይ የተቃወመኝ ሰው ነገ በሌላው ከጎኔ የሚቆም ከሆነ፣ ጠቡ ከተማውን ለሁለት አይሰነጥቅም። ስብሰባ ላይ መጨቃጨቃችሁ አላስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ስለ እነዚያ ልጆች ስትወስኑ አንዳቸውም አለመኖራቸው ነው። ሐሳቡ እንደገና ይቅረብ፤ ተከራዮቹም ይጠሩ፣ ድምፅም ይስጡ።

ጸሐፊው፦ መጥራቱ ቀላል ነው። ድምፅ ይስጡ የሚለው ግን መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ የለም፤ ደንቡን ለመለወጥ ደግሞ መጀመሪያ ያንን የተቃወመውን ግማሽ ማሳመን አለብኝ።