ከብፌ የወረደ ቸኮሌት

ዘመድ ከውጭ አገር ሲመጣ ሻንጣው የሚከፈተው በማዕረግ ነው። ጫማው ለወንድም፣ ሽቶው ለእህት፣ የደም ግፊት መለኪያው ለእናት ይወጣል። ቸኮሌት የሚሰጠው ስሙ ዝርዝሩ ላይ ላልነበረ ሰው ነው። ተቀባዩም ይህን አይስተውም፤ ሆኖም «ኧረ ምን አስቸገረህ!» እያለ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ቤቱ ይወስደዋል፣ ብፌው ውስጥ ከሠርግ ፎቶው ጎን ያቆመዋል። አይበላውም። ከተበላማ ውጭ አገር ዘመድ እንዳለው ምን ይመሰክርለታል?

መሀል ከተማ ይህ ልማድ እየቀረ ነው ይባላል። እኛ ቱሉ ዲምቱ፣ ከተማው ሊያልቅ ጥቂት በቀረው ኮንዶሚኒየም የምንኖረው ግን ጠብቀነዋል። በእኛ ብሎክ ወንበር የሌለው ቤት አይቻለሁ፤ ብፌ የሌለው አላየሁም። ችግሩ ቸኮሌት ብፌ ውስጥ ሲከርም መሸበቱ ነው። በቀን ሙቀት የለሰለሰው የኮኮዋ ቅባት በሌሊቱ ብርድ ሲረጋ ወደ ላይ ይወጣና ነጭ ሽፋን ያበጃል። ጉዳት የለውም፤ ቢቀልጥ ወደ ልጅነት መልኩ ይመለሳል። ሰፈሩ ግን ልጆች የወረቀቱን ጥግ ቀደው ባጋለጡት ቁጥር «ሻግቷል» ይላል። ሻግቷል ብሎ ደግሞ አይጥለውም። የተቀደደውን ጥግ ወደ ግድግዳ አዙሮ ብፌውን ይቆልፋል።

የሦስተኛ ፎቋ የመንታዎቹ እናት በዚህ ሥርዓት ላይ ያመፀችው መንታዎቹ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ሰሞን ነው። ብፌውን ከፍታ ያለውን ቸኮሌት ሁሉ አወረደችና «አቅልጬ ኬክ እሠራበታለሁ» ብላ አወጀች። ወሬው ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ አንድ ቡና እንኳን አልፈጀበትም። ባለቤቷ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«የዱባዩንም?»

«የዱባዩንም።»

ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ተቀመጠ።

ኬኩን ለምን አትገዛውም የሚል የመሀል ከተማ ሰው አይጠፋም። የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከእኛ ደጅ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ወደ አዳማ ለሚሄድ ሰው ነው። ከፒያሳ ኬክ ይዞ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ታክሲ እየቀያየረ፣ ካርቶኑን ጭኑ ላይ ታቅፎ ነው የሚደርሰው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ባለ ቁጥር ኬኩም አብሮ ይጠጋል። ቤት ደርሶ ሲከፈት «መልካም» የሚለውም «ልደት» የሚለውም ክዳኑ ላይ ይገኛሉ።

የኮኮዋ ዱቄት ደግሞ ሰፈራችን ሱቅ አለ። ዋጋውን ጠይቄ ደንግጫለሁ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2024 የኮኮዋ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ ሲወጣ ባለሱቃችን ወሬውን ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል። ከዓለም ኮኮዋ ከግማሽ በላይ የሚያመርቱት ኮትዲቯርና ጋና የአየር ጠባዩም የዛፍ በሽታውም ተባብሮባቸው ምርታቸው መቀነሱን ጣሳውን በጨርቅ እየወለወለ አስረዳኝ። ጣሳው ላይ ያለው አቧራ ከጭማሪው በዕድሜ እንደሚበልጥ ብነግረው «ጋሼ፣ ከሸጥኩት በኋላ በምን ልተካው?» አለኝ። በዚህች ጥያቄ ያልተረታ ገዢ ካለ ላገኘው እወዳለሁ።

ዋናው ምክንያት ግን ዋጋ አልነበረም። ማዶ ብሎክ ያለች አንዲት ጎረቤታችን በጥምቀት ሰሞን ለልጇ በኮኮዋ የሠራችው ኬክ ጥቁረቱ እስካሁን ይወራል። የመንታዎቹ እናት ያንን ወሬ የምትዘጋበት አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታለች፤ «እሷ በዱቄት ነው የሠራችው፣ እኔ በራሱ በቸኮሌቱ።» ኬኩ ገና ሳይለወስ ዓረፍተ ነገሩ በስሎ ነበር።

ሐሙስ ማታ ተጠራሁ። በብሎካችን መነጽር ያለው ሰው ሁሉ እንደ ሊቅ ስለሚቆጠር የማሸጊያ ጽሑፍ ማንበብ የእኔ ድርሻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የዱባዩ፣ የቤይሩቱ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተገዛው ባለ ሦስት ማዕዘኑና ማን እንዳመጣው የማይታወስ አንድ ጥቁር ቸኮሌት ተደርድረዋል። የቻልኩትን አስረዳሁ። የኮኮዋ ዱቄት አብዛኛው ቅባቱ ተጨምቆ የወጣለት ነው፤ ሆላንዶች ይህን የመጭመቅ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1828 ካስመዘገቡ ወዲህ ዱቄቱ ለብቻው፣ ቅባቱም ለብቻው ይሸጣል። ቸኮሌቱ ግን ቅባቱንም ስኳሩንም አስከትሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በኮኮዋ ለሚሠራ ኬክ የተጻፈውን ቅቤና ስኳር እንዳለ ወስዶ ዱቄቱን ብቻ በቸኮሌት መተካት አያዋጣም፤ ኬኩ በቅባት ይርሳል፣ በጣዕሙም ከረሜላ ይሆናል። ለ200 ግራም ቸኮሌት 150 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 4 እንቁላል፣ 100 ግራም ስኳርና 120 ግራም የስንዴ ዱቄት በቂ ነው። ጻፈችው።

«ግን አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «እዚህ ካሉት ውስጥ ጥቁር የሚባለው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ የወተት ቸኮሌት ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የወተት ቸኮሌት 25 በመቶ የኮኮዋ ይዘት ካለው ስሙን ይዞ ይሸጣል። የቀረው በአብዛኛው ስኳርና ወተት ነው። ኬክሽ አይጠቁርም።»

«ጋሼ ደግሞ! ቸኮሌት እንዴት ቸኮሌት አይመስልም?» ብላ ሳቀችብኝ።

ልደቱ በትክክል የሚውለው ዓርብ ነበር። ዓርብ ቀን እንቁላልና ቅቤ የገባበት ኬክ ለሰፈሩ እኩሌታ ከመታየት አያልፍምና ወደ ቅዳሜ ተዛወረ።

ቸኮሌት ማቅለጥ በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። የኮኮዋ ቅባት የሚቀልጠው ከሰው ገላ ሙቀት በጥቂቱ ባነሰ ሙቀት ነው፤ አፍ ውስጥ እንደገባ የሚሟሟውም ለዚህ ነው። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውኃ ይፈላል፤ እሳቱ ይበርዳል፤ የተሰባበረው ቸኮሌት በጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ውኃውን ሳይነካ ድስቱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ማማሰል ነው። የሚጠላው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ጥድፊያና የውኃ ጠብታ። ባጭሩ የሚፈልገው ጭር ያለ ወጥ ቤትና ብቻውን የቆመ ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም።

ቅዳሜ ጠዋት አንዷ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ገባች። ሌላዋ ወንፊቱን ልትዋስ መጣች። ሦስተኛዋ ሰበብ እንኳን አላዘጋጀችም፤ ገብታ ቆመች። እማማ ከምድር ቤት በልጅ ተደግፈው ወጥተው ረከቦቱ አጠገብ ተሰየሙ። ለአንድ ሰው በማይበቃው ወጥ ቤት ውስጥ ቸኮሌት አቅልጦ የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ ሐሳብ የሌለው ግን አልነበረም። «እሳቱ አንሷል።» «ኧረ በዝቷል።» «ሽታው ተቀይሯል።» አንዷማ የገበታ ቅቤውን አይታ «ይህን ሰም የመሰለ ነገር ነው የምታስገቢበት? የእኔ ንጥር ቅቤ አለ አይደል፣ ኮረሪማውም ኮሰረቱም ያለው!» አለች። የመንታዎቹ እናት ክትፎ የምትሠራ ቀን እንደምትወስድ ነግራ በትሕትና ሸኘቻት። ሸኘቻት ስል ከሐሳቧ እንጂ ከወጥ ቤቱ አልወጣችም።

ቸኮሌቱ ግን እየሆነለት ነበር። መጀመሪያ የዱባዩ እጁን ሰጠ። የቤይሩቱ ተከተለ። ጥቁሩ እስከ መጨረሻ ታገለ። የባለ ሦስት ማዕዘኑ የለውዝ ስባሪ ምንም ቢማሰል አልቀልጥም አለ። ሽበቱ ጠፋ፤ ማንኪያው ሲነሣ ቸኮሌቱ ሳይቆራረጥ እየተጠቀለለ ይወርድና ተመልሶ ይተኛል። ያ ሁሉ ሴት ዝም አለ። ከሳሎን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

በዚህ መሀል በሌላኛው ምድጃ የተጣደው ወተት ሊገነፍል ነው ብላ የደረሰች አንዲት ደግ እጅ ክዳኑን አንሥታ በቸኮሌቱ አናት ላይ አሳለፈችው። ክዳኑ ሥር ተንጠልጥሎ የነበረው ላብ ጠብ፣ ጠብ አለ። ከአፍታ በፊት ሲፈስ የነበረው ነገር ተያያዘ፣ ጓጎለ፣ ማንኪያውን ይዞ ቆመ።

«ዓይን ነው!» አለች ክዳኑን ያነሣችው ራሷ።

ዓይኑ የማን ይሆን የሚለው ምርመራ ወዲያው ተጀምሮ፣ ክፍል ውስጥ ወደሌሉት ሰዎች ሲያመራ፣ እማማ ከረከቦቱ ቀና ሳይሉ «ወተቱን ጨምሩበት» አሉ። ሳቅ ሆነ። ጠብታ ያጓጎለውን ነገር በወተት ማጠብ! የመንታዎቹ እናት ግን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ነበርና ትኩሱን ወተት በማንኪያ፣ በማንኪያ እያደረገች ጨመረች። ቸኮሌቱ መጀመሪያ ባሰበት፣ ከዚያ ላላ፣ ከዚያ ደግሞ ከበፊቱ አምሮ አበራ። ነገሩ ምትሐት አይደለም። ቸኮሌቱ ውስጥ ያለው ስኳርና ኮኮዋ ጥቂት ውኃ ሲያገኝ እርስ በርስ ይጣበቃል፤ በርከት ያለ ትኩስ ፈሳሽ ሲያገኝ ይለቃቀቃል። እማማ ይህን የት እንደተማሩት ሲጠየቁ «ሽሮ ስንት ጊዜ ጓጉሎብኛል» ብለው ፍንጃላቸውን ዘረጉ።

ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀነሰችው፤ ይህንንም በእኔ ምክር። ሰፈራችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ውኃችንም 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው በተጻፈ ልክ ከተጨመረ ኬኩ ቸኩሎ ይነፋና ሳይጸና መሀሉ ይሰረጉዳል።

የቀረው ምድጃውን ማሞቅ ነበር። መብራት ኃይል ኬክ ሊጋገር መሆኑን በምን እንደሚያውቅ አይገባኝም፤ ገንፎ ሲሠራ እንኳን አይሄድም። ሊጡ ቅርጽ ውስጥ እንደተገለበጠ ጭልም አለ። ግን ይህ ድፎ ዳቦ በላይና በታች እሳት ሲበስል የኖረበት አገር ነው። ከሰል ኮሪደሩ ላይ ተቀጣጠለ፤ ትልቁ ብረት ድስት ወጣ፤ ቅርጹ ውስጡ ገባ፤ ክዳኑ ላይ ፍም ተደረደረበት። ጭሱ በደረጃው ወጥቶ ያልተጠሩትን ሁሉ ጠራ።

ኬኩ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ገባ። ያማረ ነው፤ ከላይ ስንጥቅ ብሎ፣ ጠርዙ ጸንቶ። መልኩ ግን ፈካ ያለ ቡናማ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ድፎ ዳቦ ጀርባው ከእርሱ ይጠቁራል። የመንታዎቹ እናት ይህን ቀድማ አይታ ኖሮ መላ አበጅታለታለች። የቸኮሌቶቹን ወረቀቶች በመዳፏ አቃንታ በኬኩ ዙሪያ ደርድራቸዋለች፣ ወርቃማው በዚህ፣ ሐምራዊው በዚያ፤ በዲርሃም የዋጋ ምልክት የተለጠፈበት ደግሞ በሩ ትይዩ። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ወረቀቱን ያነባል፣ ከዚያ ኬኩን ያያል፣ ከዚያ እንደገና ወረቀቱን ያያል። ፎቶም ተነሡ። መንታዎቹ ሻማውን ለማጥፋት ትንፋሻቸውን ይዘው ሲጠብቁ፣ አንድ አጎት ስልኩን ወደ ጎን አጋድሞ «ወረቀቶቹ አልገቡም፣ ትንሽ ዞር በሉ» ይል ነበር።

የማዶ ብሎኳ ጎረቤት ዘግይታ መጣች። ተቆረሰላት። ቀመሰች። ዝም አለች። ዝምታዋን እያየሁ ነበርና እመሰክራለሁ፤ ኬኩ እርጥብ ነው፣ ጥርስ አያስቸግርም፣ የቸኮሌቱ ጣዕም ከተዋጠም በኋላ ምላስ ላይ ይቆያል። ዱቄት ብቻውን ይህን አይሠራም፤ ቅባቱ ነው። ሁለተኛ ቁራሽ ወሰደች። ሦስተኛውን ለልጇ ብላ በሶፍት ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ቤቱን ሁሉ በሚያዳርስ ድምፅ ተናገረች።

«እውነት ለመናገር ጣፍጧል። ትንሽ ኮኮዋ ቢገባበት ደግሞ ቸኮሌት ይመስል ነበር።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ባለቤትየው እንኳን ነቀነቀ። የመንታዎቹ እናት ያንን በስሎ የተቀመጠ ዓረፍተ ነገር ከጠዋት ጀምሮ ለመጣው ሁሉ ስታድለው ውላ፣ በዋናው ሰዓት አፏ ላይ አልመጣላትም። «ለስላሳ ልጨምርልሽ?» አለች።

በሳምንቱ ሱቅ ስወርድ የኮኮዋ ጣሳው ከመደርደሪያው ላይ የለም። ማን እንደወሰደው ባለሱቁ ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ዋጋ እንኳን አልተከራከረችም። የቸኮሌቶቹ ወረቀቶች እንዳልተጣሉ የነገሩኝ ግን መንታዎቹ ናቸው። እናታቸው ለብ ባለ ካውያ ተኩሳ በአሮጌ ደብተር መሀል አስተኝታቸዋለች፤ ለመጪው ዓመት በኮኮዋው ኬክ ዙሪያ ይደረደራሉ።