ሱቁ ሊዘጋ ነው፤ ሠራተኛዋ ግን አልሰማችም

እንግሊዝ አገር የፈረንጅ ገና አልፎ ጥር ሲገባ ጋዜጦቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ዘንድሮ የሚዘጋው ሱቅ የትኛው ነው?» የስም ዝርዝር ይወጣል። ባለሙያ ይጠራል። ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ሰዎች እንደ ኳስ ውርርድ ይገማመታሉ። አንዱ የአንድ ትልቅ ሱቅ ስም ይጠራል። ሌላው «የለም፣ እሱ እንኳን እስከ ፋሲካ ይቆያል» ይላል። ከዚያ ሳቅ ነው። እኔ ይህን ጨዋታ አልወደውም። ለምን እንደማልወደው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ መገመቱ ከባድ አይደለም። እዚህ ረዘም ላለ ጊዜ የኖረ ሰው ስንቱን ሱቅ ቀብሯል። ዉልዎርዝስ በ1909 ሊቨርፑል ላይ የተከፈተ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ2008 መጨረሻ ከሰረና በጥር 2009 መጀመሪያ 807 ሱቆቹ ተዘግተው አለቁ። 27 ሺህ ያህል ሰው ሥራ አጣ። በ2016 ቢኤችኤስ 164 ሱቆቹን ይዞ ሄደ። በ2021 ደበናምስ ተከተለ። ከ1778 ጀምሮ የነበረ ስም እኮ ነው! በ2023 ደግሞ ዊልኮ ወደቀ፤ 400 ሱቅ፣ 12 ሺህ 500 ሠራተኛ። ባልዲውንም፣ ቀለሙንም፣ አምፖሉንም ከዚያ ያልገዛ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ለንደን ኦክስፎርድ ስትሪት ላይ እንግዳ ስናዞር እናሳያቸው የነበሩት ትልልቅ መደብሮች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ልብስ ሻጩ የቶፕሾፕ ትልቁ ሱቅ የነበረበት ሕንፃ አሁን የቤት ዕቃ የሚሸጠው አይኬያ ሆኗል።

ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው። አገር ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ማንም ሳያስተምረው ያውቃቸዋል። የሰፈራችን ባለሱቅ ሲዳከም እንዴት ነበር የምናውቀው? መደርደሪያው ይሳሳል። ዘይት ሲጠየቅ «ነገ ይመጣል» ይባላል። ነገ አይመጣም። የቀረው ሳሙና፣ ክብሪትና ሻማ ይሆናል። የዱቤ ደብተሩ ይወጣና ሰው ሁሉ «ያለብህን ክፈል» ይባላል። ከጀርባው ያለው ነገር አንድ ነው። መርካቶ ያለው ጅምላ አከፋፋይ በዱቤ መስጠት አቁሟል።

እዚህም የሚሆነው ያው ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ መብዛቱ ነው። ትልልቆቹ ሱቆች ዕቃ የሚወስዱት በዱቤ ነው። ሸጠው ከወር፣ ከሁለት ወር፣ ከሦስት ወር በኋላ ይከፍላሉ። ለአቅራቢው «ባይከፍሉህ እኔ እከፍልሃለሁ» የሚል የኢንሹራንስ ኩባንያ አለ። ያ ኢንሹራንስ የሱቁን ሒሳብ አይቶ ከፈራ ዋስትናውን ያነሳል። ያኔ አቅራቢው «ገንዘቡን አስቀድማችሁ አምጡ» ይላል። ሱቁ ገንዘብ የለውም። መደርደሪያው ይራቆታል። ዊልኮ ከመውደቁ በፊት በነበሩት ወራት የገባ ሰው ሁሉ ያየው ይህንን ነው። ዕቃ እየራራቀ ይደረደር ነበር፣ ክፍተቱ እንዳይታይ።

የኪራይ ቀንም አለ። እዚህ የሱቅ ኪራይ በብዛት በዓመት አራት ጊዜ በቅድሚያ ይከፈላል፤ መጋቢት 25፣ ሰኔ 24፣ መስከረም 29፣ ታኅሣሥ 25። ወሮቹም የፈረንጅ ናቸው። ገና ላይ ያልሸጠ ሱቅ የታኅሣሡን ኪራይ መክፈል ይከብደዋል፤ ጥር የሞት ወር የሆነውም በአብዛኛው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ በሚያዝያ 2025 አሠሪው ለሠራተኛው የሚከፍለው ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለው የመንግሥት መዋጮ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ። ክፍያው የሚጀምርበት ዓመታዊ ደሞዝም ከ9,100 ወደ 5,000 ፓውንድ ወረደ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠሩ ሰዎችን የያዘ ሱቅ ይህ በደንብ ነክቶታል።

ይህ ሁሉ የገበያ ጠባይ ነው ልንል እንችላለን። ሰው በስልኩ ይገዛል፣ ኪራይ ይወደዳል፣ ሱቅ ይዘጋል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። ደበናምስን ውሰዱ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የገዙት የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች የራሱ የሆኑትን 23 ሕንፃዎች በ495 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡበት። ከዚያ በገዛ ሕንፃው ውስጥ ተከራይ ሆነ፤ ለዚያውም በየጊዜው በሚጨምር የረጅም ዓመት ኪራይ። እነሱ 1.2 ቢሊዮን ፓውንድ የትርፍ ድርሻ ወስደው ወጡ። ዕዳው ከሱቁ ጋር ቀረ። ካሸሯ የእንግዳ ፈገግታዋን ስላሳነሰች አይደለም የተዘጋው።

ቢኤችኤስም ያው ነው። ሰር ፊሊፕ ግሪን በ2000 ገዙት። ከ2002 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የትርፍ ድርሻ ወጣ፤ አብዛኛው የገባው ወደ ቤተሰባቸው ነው። በ2015 በ1 ፓውንድ ሸጡት። አዎ፣ አንድ ፓውንድ። የገዛው ዶሚኒክ ቻፔል የሚባል፣ በችርቻሮ ንግድ ልምድ የሌለው ሰው ነበር። ከዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ሱቁ ወደቀ። በሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ ውስጥ 571 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ተገኘ። ፓርላማው ጮኸ፣ ጋዜጣው ጮኸ፣ ግሪን በ2017 363 ሚሊዮን ከፈሉ። ቻፔል በ2020 ስድስት ዓመት ተፈረደበት። የተፈረደበት ግን ግብር በማጭበርበር ነው። 11 ሺህ ሰው ሥራ ስላጣ የታሰረ የለም።

አገር ቤት ነጋዴ በደረቅ ቼክ እስር ቤት ይገባል። ለአከፋፋዩ ቀን ጽፎ የሰጠው ቼክ ባንክ ሄዶ ከተመለሰ አለቀለት። ቤቱ፣ መኪናው፣ ስሙ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ያ ጭካኔ አለበት፤ በክፉ ጊዜ የተጎዳውንም ሌባውንም አንድ ላይ ይጨፈልቃል። ቢሆንም ባለቤቱ ከሱቁ ጋር ይወድቃል። እዚህ ሱቁ ይወድቃል፣ ባለቤቱ ግን ቆሞ ይሄዳል። በ1 ፓውንድ የተሸጠ ሱቅ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ ዜናውን እንደ ቀልድ አትለፉት። በ2025 ፓውንድላንድም በ1 ፓውንድ ተሸጧል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው የስጦታ ካርድ ሰጡን። የልጆች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ካርድ ነው፤ ስሙን አልጠራም። አራስ ቤት ግርግር ነው። ከክርስትናው በኋላ የሕፃን ጋሪ እንገዛበታለን ብለን ሄድን። በሩ ክፍት ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ጋሪውን መርጠን እየገፋን ካሸሯ ጋ ደረስን። ሒሳብ ማሽኑ ላይ በፕላስተር ተጣሞ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ከዛሬ ጀምሮ የስጦታ ካርድ አንቀበልም ይላል።

ካሸሯ አበሻ ነበረች። በዕድሜ ታላቄ ትሆናለች። ደረቷ ላይ ከስሟ በታች የ15 ዓመት አገልግሎት የምትል ትንሽ ዓርማ ለጥፋለች። አማርኛ ስናወራ ሰምታ ነው መሰለኝ ቀና ብላ አየችን።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። «እኛም ጠዋት ነው የተነገረን። ለነገሩ እኔ አውቶብስ ውስጥ በስልኬ አንብቤው ነው የመጣሁት። የዚህን ወር ደሞዜንም ይክፈሉኝ አይክፈሉኝ አላውቅም።»

ባለቤቴ «አይዞሽ እህቴ» አለቻት። ካርዱ ተረሳን። ምን እንላለን? ሴትዮዋ እጇ እየተንቀጠቀጠ የሌላውን ደንበኛ ዕቃ ትመታለች።

ያ ነው የቆጨኝ። ኢንሹራንሱ ያውቅ ነበር። ባንኩ ያውቅ ነበር። አቅራቢው፣ አከራዩ፣ ጋዜጠኛው ያውቅ ነበር። በየምሳ ቤቱ የሚገማመተው ሰው እንኳን ያውቅ ነበር። 15 ዓመት የቆመችበት ሴት ከአውቶብስ ላይ በስልኳ ሰማች።

ለዚህ የሚሰጡት መልስ አለ። አስቀድመው ቢናገሩ ደንበኛው ይሸሻል፣ አቅራቢው ይሸሻል፣ ሊድን የሚችለው ሱቅ በዚያው ይሞታል ይላሉ። ውሸት ነው አልልም። ግን የሚደበቀው ከማን ነው? ገንዘብ ካለው ሁሉ ጋር በዝግ ክፍል ይነጋገራሉ። ከካሸሯ ጋር ብቻ ነው ምስጢር የሚሆነው። አገር ቤት ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ባንኮኒው ሥር ነው የሚያድረው። ሽያጩን ማታ የሚቆጥረው እሱ ነው። ሱቁ እንደተዳከመ ከባለቤቱ እኩል ያውቃል።

ግን ደግሞ ያ ልጅ ሲሰናበት ምን ያገኛል? የአገር ቤቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 (ይህ ዓመት የእኛው ነው) የሥራ ስንብት ክፍያ ይላል። ውል ያልተጻፈለት የሱቅ ልጅ ግን ያንን ይዞ የት ይሄዳል? በእኛው 2016 ዓ.ም ፒያሳ ሲፈርስ ከነጋዴው ኋላ ስንት ተቀጣሪ እንደነበረ ማን ቆጠረው? እዚህ ቢያንስ አሠሪው ከስሮ ሲዘጋ መንግሥት ራሱ በሕግ በተወሰነ ልክ ውዝፍ ደሞዝ ይከፍላል። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የስንብት ክፍያም ያገኛል። ይህን ሳላመሰግን አላልፍም። ያቺ እህታችንም ማመልከት ትችላለች፤ ቅጹ ያለው በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው።

የእኔ ካርድስ? ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጣው መልስ እኔን «ዋስትና የሌለው አበዳሪ» ይለኛል። መቼ አበደርኩ? ባልደረቦቼ ጥሬ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ነው! ሱቁ ገንዘቡን ወስዷል። ሰልፉ ደግሞ እንዲህ ነው። በዕቃና በሕንፃ ዋስትና ያበደረው ባንክ ከፊት አለ። ሱቁን የሚያጣሩት የሒሳብ ባለሙያዎች ክፍያቸውን ያነሳሉ። የሠራተኛው ውዝፍ በተወሰነ ልክ አለ። ከታኅሣሥ 2020 ወዲህ መንግሥትም ያልገባለትን ቫት ይዞ ከፊታችን ተሰልፏል። ከዚያ በኋላ የተረፈ ካለ ለእኛ ሳንቲም ሳንቲም ይከፋፈላል። በዚያው ሳምንት ያው ጋሪ «ሊዘጋ ስለሆነ ታላቅ ቅናሽ» ተብሎ በጥሬ ገንዘብ ይሸጥ ነበር። ገንዘባችንን ይዘዋል፣ ጋሪውም አለ፣ ለእኛ ግን አይሰጥም። ይህን ማንም ሕግ ነው ብሎ ቢያስረዳኝ ልቤ አይቀበለውም።

ይቻላል እኮ። ሙዚቃና ፊልም የሚሸጠው ኤችኤምቪ በጥር 2013 ሲወድቅ መጀመሪያ ካርድ አንቀበልም ብሎ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። ከሳምንት በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ተቀበሉ። ስለዚህ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ማድረግም አለማድረግም በእጃቸው ነበር።

እናንተ ግን ተጠንቀቁ። የስጦታ ካርድ ቤታችሁ ካለ ነገ ሳትሉ ዛሬ ተጠቀሙበት። ሶፋም ሆነ ፍሪጅ ቀብድ ስትከፍሉ፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ሱቁ ቢዘጋ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ መሠረት ባንኩ ተጠያቂ ነው። የአሠሪያችሁን ሒሳብ ደግሞ በመንግሥት የኩባንያዎች መዝገብ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። ዓመታዊ ሒሳቡ ዘግይቶ ከሆነ ጠይቁ። አቅራቢ «ገንዘብ አስቀድሙ» እያለ እንደሆነ ዕቃ ከሚያወርደው ሰው ጠይቁ። ሾፌሩ ከሥራ አስኪያጁ በፊት ይነግራችኋል።

ሱቅ ውስጥ የምትሠሩ ሁሉ፣ የሠራተኛ ማኅበር ግቡ። ዉልዎርዝስ ሠራተኞቹን በሕጉ መሠረት ሳያማክር ነው ያሰናበተው። የሱቅ ሠራተኞች ማኅበሩ ኡስዶ ከሰሰና በ2012 ለ24 ሺህ ያህል ሰው 67.8 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተፈረደ። ከ3 ሺህ በላይ የሚሆኑት ግን አላገኙም። ጥፋታቸው ከ20 ሰው በታች በሚሠራበት ቅርንጫፍ መመደባቸው ነበር። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2015፣ የማማከር ግዴታው ሲሰላ የሠራተኛው ቁጥር በእያንዳንዱ ሱቅ ለብቻው ሊቆጠር ይችላል ተባለ። አበሻ የሚበዛው ደግሞ በትንንሾቹ ቅርንጫፎች ነው፤ ስምንት፣ አሥር ሰው በሚሠራባቸው። የእናንተ ቅርንጫፍ ስንት ሰው እንዳለው ቆጥራችሁ፣ የማኅበሩን ተወካይ በዚህ ሳምንት አነጋግሩት።