«ሳይችሉ ሰርግ ላይ አይወጣም» ለሚለው እርማት

ወንድሜ፣ «ጀማሪ እስክስታን ጥንቅቅ አድርጎ ሳይችል ሰርግ ላይ አይውጣ» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ግን ተማሪውን ያስፈራዋል እንጂ አያደፋፍረውም። መስታወት ፊት ብቻ የተለማመደ ሰው ደብረ ማርቆስ ሰርግ ቤት ገብቶ ከበሮው ፈጠን ሲል ትከሻው ድርቅ ይላል። ሰው ፊት መጨፈር ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ክብ ሠርተው ያጨብጭቡ፣ ዘፈኑን ይቀበሉ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይግጠሙ፣ ይቀያየሩም። ምቱ ሲጠፋባቸው ቆመው አይፈሩ፤ ወደ ጭብጨባው ይመለሱና እንደገና ይግቡ። አንድ የትከሻ ምት በደንብ ከያዙ ለጥር ሰርግ ይበቃል። (አንገቱ ይቆይ!) «ጎጃሜ ሲወለድ ያውቀዋል» የሚለውንም ተወው። ልጆቹ የለመዱት በየሰርጉና በየጥምቀቱ ትልልቆቹ መሀል እየገቡ ነው።