ማስተካከያ፦ በዊስኮንሲን የሥራ ቁጥር ላይ

የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት አገረ ገዥ ስለነበሩት ስኮት ዎከር ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 34,000 የሚጠጋ የሥራ ቦታ አጥታለች ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቁጥሩ ጥቂት ድርጅቶችን ብቻ ከሚጠይቀው ወርሃዊ የናሙና ጥናት የተወሰደ ግምት ነው። ቀጣሪዎች ለሥራ አጥነት መድን በየሩብ ዓመቱ ከሚያስገቡት መዝገብ የሚሠራውና ሁሉንም ቀጣሪዎች ለመሸፈን ጥቂት የሚቀረው ቆጠራ ግን ከ23,000 በላይ ጭማሪ አሳይቷል። በጁን 2012 አገረ ገዥውን ለማንሳት በተጠራው ምርጫ ዋዜማ ዴሞክራቶች የመጀመሪያውን፣ ሪፐብሊካኑ ዎከር ሁለተኛውን ይዘው ተሟግተዋል። እኛ ሁለቱን ሳናመዛዝን የአንዱን ወገን ቁጥር አስተጋባን፤ ይህ ሊሆን አይገባውም ነበር። ዎከር በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናቸው 250,000 የግል ዘርፍ ሥራ እንደሚፈጠር የገቡትን ቃል አልፈጸሙም ያልነው ግን ትክክል ነው፤ አይለወጥም።