አርፋጁ ወንድማችንና እኔ

ውጭ አገር ስኖር ታጋሽ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሰልፍ ላይ አልነጫነጭም። ስልክ ደውዬ «እባክዎ ይጠብቁ» ስባል 20 ደቂቃ ሙዚቃ እሰማለሁ። መንገድ ላይ ሰው ቢገፋኝ ይቅርታ የምጠይቀው እኔው ነኝ። ኋላ ሳስበው ግን ይሄ ሁሉ ከማላውቀው ሰው ጋር ነው። እሱን መታገስ ምን ያቅታል? ነገ አላገኘው!

ጉዴ የሚታየው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በምንሰበሰብባት ትንሽ የጸሎት ኅብረት ነው። ፕሮግራም የማወጣው እኔ ነኝ። መዝሙር 15 ደቂቃ፣ ቃል 30፣ ጸሎት 20። ኪቦርድ የሚጫወትልን ወንድም ደግሞ አለ። ያረፍዳል። ሁሌ። በሩን ቀስ ብሎ ይከፍታል፣ በጣቱ ይራመዳል፣ ከዚያ መሰኪያ ፍለጋ ወንበር ይጎትታል። እኔ በአንድ ዓይኔ ጨፍኜ እጸልያለሁ፣ በሌላው ሰዓት አያለሁ። ማዕበል ውስጥ ትራስ ተንተርሶ የተኛ ጌታ እየተከተልኩ፣ በኪቦርድ መሰኪያ ደም ግፊቴ ይነሳል።

አንድ ቀን «ለጊዜው ብታርፍ ይሻላል» ብዬ ቴክስት ላክሁለት። በጨዋ ቋንቋ፣ የልብ ምልክት ጨምሬ። ቀረ። ሦስት ቅዳሜ ማንም አልደወለለትም። ውጭ አገር ሰው የሚሸኘው እንዲህ ነው፤ ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታ ትዕግሥት ነበር የምለው።

በዚያው ሰሞን አገር ቤት ሄጄ አንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ተገኘሁ። አንዱ 40 ደቂቃ አርፍዶ ገባ። መሪው ንግግሩን ሳያቋርጥ በእጁ «ጠጋ በሉለት» አለ። ሲያልቅ «ምን ሆኖ ነው?» አልኩት። የታመመ ዘመድ፣ የራቀ ሰፈር፣ የሆነ ምክንያት ጠብቄ ነበር።

«ምንም አልሆነም። ያረፍዳል» አለኝ። «ማርፈድ ከጀመረ 11 ዓመቱ ነው።» ሳቀ። ፊቱ ላይ ቅያሜ ፈለግኩ፤ የለም። እኔ በ11 ደቂቃ ነው የምቃጠለው።

አገር ቤትን እያሞገስኩ አይደለም። እዚያው በር ላይ አንዲት እህት በአለባበሷ ስትገሠጽ አይቻለሁ፤ ሰላም እንኳን ሳይሏት። ጳውሎስ በሮሜ 14 ሁሉን የሚበላውና አትክልት ብቻ የሚበላው እንዳይናናቁ ይመክራል። ሁላችንም አንብበነዋል። እኛ በሰዓት እንናናቃለን፣ እነሱ በቀሚስ።

ጳውሎስ ራሱ አንድ ጊዜ እኔን መስሎ ነበር (ይቅር ይበለኝ)። አብሯቸው ያገለግል የነበረው ማርቆስ ጵንፍልያ ላይ እሱንና በርናባስን ትቷቸው ተመልሷል። በሐዋርያት ሥራ 15 በርናባስ «እንደገና እንውሰደው» ሲል ጳውሎስ እምቢ አለ። ነገሩ ከሮ ተለያዩ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ፣ ጳውሎስ ሲላስን መረጠ። በኋላ ግን ያው ጳውሎስ ታስሮ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። በመሃል የሆነውን መጽሐፉ አይነግረንም። እኔ ግን በርናባስን አመሰግናለሁ። ያኔ እሱም ማርቆስን ቢተወው ኖሮ፣ «ይዘኸው ና» የሚባል ሰው ይኖር ነበር?

ስመለስ ለወንድማችን ደወልኩ። ቴክስት አይደለም፣ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ምንም አይደል፣ እኔም አብዝቼው ነበር» አለ።

አሁን ተመልሷል። 12 ሰዓት ስንጀምር ለሱ 11 ተኩል ነው የምለው። ትዕግሥት ይሁን ብልጠት እንጃ። ባለፈው ቅዳሜ ግን የነቃብኝ ይመስለኛል፤ 12 ከሩብ ላይ በሩ ሲጥ አለ። ዓይኔን አልገለጥኩም። መሰኪያውን ቀድሜ ወንበሩ ሥር አድርጌለት ነበር።